ድምፅሽን አሰሚኝ

ባለቤቴ ሰናይት ካረፈች ወዲህ ልጃችንን ማህሌትን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። በስደት የምንኖርበት ሰፈር፣ ብሬብሩክ፣ መኪና ይበዛበታል፤ መንገድ ስንሻገር እጇን አልለቅም።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ ወላጆችን ሰብስባ፣ በኢንተርኔት ልጆችን ስለሚያጠምዱ ሰዎች ነገረችን። ቤት እንደገባን የማህሌትን ታብሌት ከፈትኩ። እናቷ ትጠቀምበት የነበረው ነው። የአበባ ሥዕል የለጠፈ፣ የማላውቀው ሰው ጽፏል።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ፎቶሽን ላኪልኝ።»

«ለምን ድምፅሽን አታሰሚኝም?»

ማህሌት እናቷ ባስተማረቻት ፊደል «ደህና ነኝ» ብላ መልሳለች።

«ማነው ይሄ?» አልኳት።

«አይ ካንት ቴል ዩ፣ ዳዲ» አለችና አቀረቀረች፤ ልነግርህ አልችልም ማለቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ከቤት ውጪም ቤትም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

ሰውየውን ልሰድበው፣ ከዚያ ለፖሊስ ልናገር ወስኜ የመደወያውን ምልክት ተጫንኩ።

«ሰናይትዬ! ልጄ!» አሉ አንዲት አሮጊት። «የጎረቤት ልጅ ናት በስልኳ የምትጽፍልኝ። ምነው ድምፅሽን ነፈግሽኝ?»

ደሴ ያሉት የሰናይት እናት ነበሩ። ሽማግሌዎች ቤታቸው ሄደው መርዶውን እስኪነግሯቸው ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ዘመድ ሁሉ ተስማምቶ ነበር። ይህን ስንስማማ ማህሌት አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ማህሌት ታብሌቱን ከእጄ ወሰደች።

«እማዬ ሥራ ገብታለች፣ እማማ» አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «ስትመጣ እነግራታለሁ።»