ለወንድሜ የሰፋው ቆብ

ሱቅ ውስጥ የሱፍ ክር ተንጠልጥሎ ባየሁ ቁጥር የአባቴ አሮጌ ሹራብ ይሸተኛል። ኮሮና ቤት የዘጋብን ጊዜ ነው፤ ብርዱ ገብቷል፣ እናቴ ልትወልድ ደርሳለች፣ ክር የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ዝግ። ለሚመጣው ሕፃን ቆብ ልሥራ ብዬ ያንን ሹራብ ተረተርኩት። መርፌም ስላልነበረኝ ሥጋ በምንጠብስባቸው ሁለት ስንጥሮች፣ ማንም ሳያሳየኝ፣ በግምት ሠራሁት። ስጨርሰው የአባቴን ራስ ዋጠው! እንባዬ ሲመጣ፣ አብረውን የሚኖሩት የአባቴ አክስት፣ እማማ ወርቄ፣ አገላብጠው አዩት።

"ምን ያስለቅስሻል? በእግሩ ይጀምራ! እያደገ ራሱ ላይ ይደርሳል" አሉኝ።

እውነትም ወንድሜ ሲወለድ እማማ ወርቄ ቆቡ ውስጥ እስከ ብብቱ ከትተውት ሞቆት ተኛ። አሁን ብርድ ሲሆን ራሱ ላይ ያጠልቀዋል፤ ዐይኑን ይሸፍነዋል።

"እማማ፣ ገና ነኝ?" ይላል።

"ገና ነህ፣ ጌታ ይመስገን!"