የጋሽ ተሰማ አተላና የሐጂ ቃሲም መኪና

ጋራዥ የተቀጠርኩ ቀን አለቃው ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ጭቃ እስከ መሐሉ የሞላበት ጎማ አሳዩኝና በምን እንደማጥበው ጠየቁኝ። በውሃ አልኳቸው። «በውሃማ ዝናብም ያጥባል፤ ደመወዝ ግን አንከፍለውም» አሉና ባልዲ አስጨበጡኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሥራ ፈላጊ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ከድር እባላለሁ። የአሰላ ልጅ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ገበያ ስወጣ አማርኛ እያወራሁ ነው ያደግኩት። ከጋራዡ በፊት ወፍጮ ቤት ገብስ እሸከም ነበር። ጊዜው ከተማው ውስጥ መኪናው ሁሉ በባለቤቱ ስም የሚታወቅበት ነው፤ ጥሩምባ ሲሰማ ማን እንደመጣ ሕፃን ልጅ ይነግርሃል።

አለቃው ጋሽ ተሰማ ናቸው። እኛ ካፖ ነበር የምንላቸው፤ የሠራተኛ አለቃ ማለት ነው፣ ከጣሊያን የቀረ ስም። ከሸዋ መጥተው ናዝሬት ጣሊያኖች ጋራዥ ሙያውን ተምረው ነው አሰላ የገቡት። ከካፖ ሥር መካኒክ፣ ከመካኒክ ሥር ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ከዚያ ረዳት፣ ከሁሉ በታች አጣቢ። ከአጣቢ በታች የጋራዡ ውሻ ብቻ ነበረች፤ እሷም አንዳንድ ቀን ከኔ ቀድማ ምሳ ትበላለች።

ጎማ ማጠብ ቀላል የሚመስለው ላላጠበ ሰው ነው። የጎበሳ መንገድ ይሁን የጮሌ፣ ክረምት ከገባ ሁሉም ጭቃ ነው፤ መኪና ተመልሶ ሲመጣ ጎማው ከነቸርኬው አንድ ድፍን ነገር ሆኖ ነው። ቸርኬ ላስቲኩ የሚያርፍበት ብረት ነው። መሐሉ ላይ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ክዳን አለ፣ ኮፓ ይባላል። ባለመኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ኮፓውን ነው።

ጋሽ ተሰማ መጀመሪያ ያስተማሩኝ መጠበቅን ነው። መኪናው ከሩቅ መጥቶ ብረቱ ገና ትኩስ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋበትም። ጥላ ውስጥ ይቆማል፣ ይበርዳል። ከዚያ ጭቃው በውሃ ይርሳል፣ በእንጨት ይፋቃል። ቢላ ያነሳ አጣቢ በእሳቸው ዘንድ ከዘራፊ አይሻልም።

ቀጥሎ ግራሶው ነው። ችኩሉ ሁሉ ላምባ ይወዳል፤ ላምባ ግራሶን ወዲያው ያስለቅቃል፣ እውነት ነው። ላስቲኩን ግን ያበላሻል። ፍሬን ውስጥ ከገባ ደግሞ ጉዱን የምታየው ወደ ደራ ቁልቁለቱን ስትወርድ ነው። እኛ የምንጠቀመው እንዶድ ነበር፤ ሴቶች ወንዝ ወርደው ነጠላ የሚያጥቡበት ያው እንዶድ። ደርቆ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይመታል፣ አረፋው ይወጣል። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ነው እንጂ ላስቲክም ቀለምም አይጎዳም። የሚያልፍ ሰው «እናንተ ደግሞ ልብስ አጣቢ ሆናችሁ እንዴ» እያለ ያሾፍብን ነበር። ይበል።

የመጨረሻው እድፍ ነው ሰው የሚያስመርረው። የፍሬን ብናኝና ዝገት ዝናብ ሲነካቸው ተዋህደው ኮፓው ላይ ቡናማ ሆነው ይቀራሉ። እንዶድ አይነካቸውም። በአሸዋ ብትፈትገው እድፉ የኮፓውን ወዝ ይዞ ይሄዳል። ጋሽ ተሰማ ለዚህ የራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው፤ የጠላ አተላ። ከጋራዡ ጀርባ ጠላ የሚሸጡ ሴት ነበሩ፣ ከሳቸው በገንቦ ያስመጣሉ። ኮምጣጣ መሆን አለበት። ወፍራሙን በጨርቅ ይቀቡታል፣ ሳይደርቅ ያሹታል፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ያለቀልቁታል። ኮፓው ፊትህን ያሳይሃል። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አላየሁም፤ የሰውየውን ሙያ መካድ አይቻልም።

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አተላ አልነካም። ይህን ለመናገር አፍሬ ስቅበጠበጥ እሳቸው ቀድመው ገባቸው። «አንተ እንዶዱን ያዝ፣ ይሄን ለኔ ተወው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም። እንዶዱን እጨርሳለሁ፣ ዞር እላለሁ፣ እሳቸው በአተላ ይጨርሳሉ። ባለመኪናው መጥቶ ያደንቃል፤ በምን እንደታጠበ ግን ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። ግማሾቹ ደንበኞቻችን ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ።

ከነሱ አንዱ ሐጂ ቃሲም ናቸው፤ ከዲክሲስ ገብስና ስንዴ የሚያመጡ የእህል ነጋዴ። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል እናታቸው አዴ ፋጡማ ለሐጅ ተነሱ። ሐጂ እናታቸውን ከገጠር አምጥተው መኪናቸውን በጭቃ እንደተለወሰ ጋራዥ አቆሙት። በነጋታው ጠዋት አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውሮፕላን መካ ነው ጉዞው። እኔን ለብቻዬ ጠሩኝና በኦሮምኛ አናገሩኝ።

«መኪናውን አንተ ራስህ እጠብልኝ። እናቴ ወደ አላህ ቤት ነው የምትሄደው፤ የምትሳፈርበት ነገር ጣሂር፣ ንጹሕ መሆን አለበት። ሙስሊም ስለሆንክ አንተን ነው የማምነው።»

እሺ አልኳቸው። እሺ ማለቱ ቀላል ነው፤ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። አተላው ከነካው አማናቸውን በላሁ ማለት ነው። አይነካውም ካልኩ ደግሞ ካፖዬን ልነካ ነው። እስከ ዛሬ ይህ መኪና በምን ሲታጠብ እንደኖረ ከተሰማ ነጋዴው ሁሉ ጥሎን ይሄዳል፣ እኛም እንበተናለን። ወላሂ፣ የዚያን ቀን ወፍጮ ቤቱ ናፈቀኝ።

በመጨረሻ ለጋሽ ተሰማ ነገርኳቸው። አኮረፉ። አተላዬ ቆሻሻ ነው ልትለኝ ነው ወይ አሉ። ቆሻሻ አላልኩም ጋሼ፣ ለእሳቸው አይሆንም ነው ያልኩት አልኩ። እንግዲያውስ ሌላ ነገር አምጣ፣ ከነእድፉ ግን ከዚህ ጋራዥ አይወጣም፣ ስሜ አለበት አሉኝ።

ሎሚ ይሆን ነበር፤ ሎሚ የሚመጣው ግን ከቆላ በገበያ ቀን ነው፣ ገበያውም አልፏል። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ዘይነባ አይብ አውጥታ አጓቱን የዛገ ጣሳ ውስጥ ረስታው ኖሮ፣ ሰንብታ ስትደፋው የጣሳው ውስጥ ነጥቶ አይቻለሁ። ቤት ሄጄ የሰነበተ አጓት እንዳላት ጠየቅኳት። ለጎማ መሆኑን ስትሰማ፣ ለውሻ ሰጥተን የተረፈውን ነው እንግዲህ ለመኪና የምናጠጣው ብላ ሳቀችብኝ። ግን እንስራውን ሞልታ ሰጠችኝ። ጥርስ የሚያደነዝዝ ኮምጣጣ ነበር።

ጋሽ ተሰማ አላመኑም። መጀመሪያ በኮፓው የጀርባ በኩል፣ በማይታየው ሞከርነው፤ አዲስ ነገር ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሞከረው። ወዲያው አልሠራም። አጓቱን ለብ አድርገን ጨርቅ ነክረን ኮፓው ላይ አለበስነው፤ ቆይተን ስናነሳው እድፉ ለቀቀ። ካፖው እጅጌያቸውን ሰበሰቡና አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ማሸት ጀመሩ። እስከ ማታ ጎን ለጎን ሠራን። ሲያልቅ እጃቸውን አይተው ፈገግ አሉ። ቀኑ ረቡዕ ነበር፣ ጾም። «ይሄ ደግሞ ለኔ አተላ መሆኑ ነው» አሉኝና እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡ። ከአተላው ትንሽ ደብዘዝ ይላል አሉ፤ እውነትም ደብዘዝ ይላል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ሐጂ ከእናታቸው ጋር መጡ። ለሐጅ የሚሄድ ሰው ሳይነሳ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ እየዞረ አውፍ ይጠይቃል፤ ሳላውቅ በድዬህ ከሆነ ይቅር በለኝ ይላል። አዴ ፋጡማ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ ጫኝና አውራጁን ጨርሰው እኛ ዘንድ መድረሳቸው ነው። በትራቸውን ተደግፈው ፊታችን ቆሙ። አማርኛ አይችሉም፤ ኦሮምኛቸውን የማቀብለው እኔ ነኝ። የልጄን መኪና ጭቃ የምታጥቡት እናንተ ናችሁ፣ ያስቀየምኳችሁ ነገር ካለ አውፍ በሉኝ አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አውፍ፣ ይቅር አለ።

ጋሽ ተሰማ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እናቴ፣ እርስዎ ምንም አልበደሉኝም» አሉ። «የበደልኩ እኔ ነኝ። ይሄን መኪና ስናጥብ የጎማውን እድፍ የማስለቅቀው በጠላ አተላ ነበር። ትናንት አልነካሁትም፤ ከድር ከልክሎኝ በአጓት ነው ያጠብነው። ስለ በፊቱ ግን ይቅር ይበሉኝ።» ወደኔ ዞሩ። «ንገርልኝ፣ ምንም እንዳታስቀር።»

ሐጂ ቃሲም አማርኛ እንደኔው ነው የሚሰሙት፤ ፊታቸው ጠቁሯል። አለሳልሼ ላልፈው ብፈልግም መንገድ አልነበረም። ሁሉንም ተናገርኩ።

አዴ ፋጡማ ጎማውን ተመለከቱ። ከአተላው በኋላ በምን ነበር የምታጥቡት ብለው ጠየቁኝ። በብዙ ውሃ፣ እስኪጠራ አልኩ።

«እንግዲያው ውሃው ወስዶታል» አሉ። «አውፍ ብያለሁ።» ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «አንተም በል።»

ሐጂ መሬት መሬት እያዩ አውፍ አሉ፣ ጎረምሳ አባቱ ፊት እንደሚናገረው በጥርሳቸው። መኪናው ተነስቶ ሄደ።

አውፍ ማለት ሌላ፣ መኪና ማምጣት ሌላ ነው። በዚያ ክረምት የሐጂ ቃሲም መኪና የሚታጠበው ናዝሬት ሆነ። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ሌሎቹም ነጋዴዎች ተከተሏቸው። ከአጣቢዎቹ አንዱ ሥራ አጥቶ አገሩ ተመለሰ። እኔም ተናደድኩ፤ አንድ ቀን ምሳ ላይ ለጋሽ ተሰማ አፍ አውጥቼ ነገርኳቸው። የዚያን ቀን ጎማው ንጹሕ ነበር፣ ማንም አልጠየቀን፣ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት አልኳቸው።

የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ።

«ምንም ያላደረገችኝ ሴትዮ ይቅር በለኝ ብላ ፊቴ ቆመች። እኔ ያደረግኩባትን ደብቄ ይቅር ብዬሻለሁ ልበላት?»

ባልዲዬን አንስቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አዴ ፋጡማ በሰላም ተመለሱ፣ አልሐምዱሊላህ። መስከረም ካለፈ በኋላ ሐጂ ቃሲም ጭቃ የለበሰውን መኪናቸውን እየነዱ ጋራዡ ግቢ ገቡ። ከመኪናው ወርደው ማንንም ሰላም ሳይሉ ባልዲዎቹን አንድ በአንድ አሸተቱ። ጋሽ ተሰማ ከኋላቸው እየተከተሉ ይሄ እንዶድ ነው፣ ይሄ አጓት ነው፣ አተላው ያ ጥግ ላይ ያለው ነው፣ ለፈለገው ሰው ብቻ ነው እያሉ አስረዱ። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁና ቁልፉን ለእሳቸው ሰጡ።

እኔ በዚያ ጋራዥ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ፤ በኋላ ራሴም ካፖ ሆንኩ። ዛሬ የጎማ ማጠቢያ በጠርሙስ ይሸጣል፤ ልጆቹ ይረጩታል፣ ምን እንዳለበት እነሱም አያውቁም። ማጠቢያ ስትመርጡ ብረቱን እዩ፣ ላስቲኩን እዩ፣ ባለቤቱንም እዩ። ምን እንደምትቀቡበት ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። አይሆንም ካለ ሌላ ማጠቢያ ፈልጉ።