አድማሴ ግሬደሩን ውኃ ሲያጠጣ

አድማሴ ሁለት ነገር ይወዳል፤ ሸጋው የሚባለውን ቦራ ፈረሱንና በዕድሜ እኩያው የሆነውን ቢጫ ግሬደር። ሚስቱ ከሁለቱ ቀጥላ ሦስተኛ መሆኗን በአደባባይ ትናገራለች፤ እሱም ሲያስተባብል ሰምቼው አላውቅም። ፈረሱን በአገው ቋንቋው በአውኚ፣ ግሬደሩን በአማርኛ ያናግራል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ “ማሽን የከተማ ልጅ ነው፤ አውኚ አይሰማም” አለኝ።

እኔ እንጅባራ ላይ ከመካኒኳ ከእንቁ ጋራዥ ጎን ብየዳ ቤት አለኝ። እዚያ የሚሆነውን ሁሉ አያለሁ፤ ያላየሁትንም ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሰማለሁ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ግሬደሩ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ያለውን የገጠር መንገድ ሲጠርግ ካምቢዮው ሞተ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። በሎደር እየተጎተተ እንቁ ደጃፍ ደረሰ። ያንኑ ካምቢዮ ደግሞ እሷው ፈታ ካደሰችው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ባለንብረቱ አቶ ሉቃስ መጡና ጫማቸውን ከፈሰሰው ዘይት እያራቁ ቁርጡን ተናገሩ።

“ይኼ የመጨረሻው ነው። ዳግመኛ ከቆመ በኪሎ ለብረት ነጋዴ እሸጠዋለሁ። አንተም አድማሴ ሌላ ሥራ ፈልግ።”

አድማሴ ከግሬደሩ ወንበር ሌላ የት ተቀምጦ እንደሚኖር አያውቅም፤ እኔም አላውቅለትም።

እንቁ ሦስት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ አቁማ፣ አናታቸው ላይ የሰንሰለት ማንሻ ሰቀለችና ካምቢዮውን አወጣችው። ስትከፍተው የተቃጠለ ዘይት ሽታ እኔን ከነጭንብሌ ከቤቴ አስወጣኝ። ወደፊትና ወደኋላ የሚያስኬዱት የፍሪሲዮን ዲስኮች ጠቁረው አርረዋል። ማርሹም ኩሽኔታውም ግን ጤነኛ ነው። ያለፈውም ጊዜ እንዲሁ ነበር። እንቁ ተናዳ ያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ አድማሴ በሸጋው ላይ ሆኖ መጣ። በሙሉ ግልቢያ ደጃፉ ደርሶ፣ ሳያቆም ልጓሙን ሳበና ፈረሱን ባለበት አሽከረከረው። አቧራው የእኔን ቤት ሞላው። ልሰድበው አፌን ስከፍት እንቁ ሳቀች።

“ጋሽ አድማሴ፣ ግሬደሩንም እንዲህ ነው የሚያዞሩት?”

“ታዲያስ። እየሄደ ሳለ እጀታውን ወደኋላ ነው። እንደ ሌሎቹ ቆሜ አላንቀላፋም።” በኩራት ነበር የተናገረው።

እንቁ የጠቆረውን ዲስክ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

“ፈረስዎ ይችለዋል። ግሬደሩ ግን ያን ሁሉ ክብደቱን የሚይዘው በዚህ ስስ ነገር ነው። ሳይቆም ሲገለብጡት ይቃጠላል። እኔ የፈለግሁትን አዲስ ዕቃ ባስገባ፣ ነጂው ካልተጠነቀቀ አይረባም፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።”

አድማሴ ዲስኩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ይህ ሰው ሸጋውን በአለንጋ ነክቶት አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አላፈረበትም።

“እኔ ነኛ የገደልኩት” አለ።

“አልሞተም። ሸጋው ውኃ ሲጠጣ ምን ያደርጋሉ?”

“አፏጭለታለሁ።”

“ጠጥቶ ሳይጨርስ ይስቡታል?”

“ምን ነክቶኝ።”

“እንግዲያው ግሬደሩንም ወደኋላ ሊመልሱ ሲሉ መጀመሪያ ያቁሙት፤ አንዴ ያፏጩለት፤ ከዚያ እጀታውን ይለውጡ።”

አዲሶቹ ዲስኮች ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። አድማሴ የማርሹን እያንዳንዱን ጥርስ ራሱ በናፍጣ አጠበ፤ እያጠበም በአውኚ ያንሾካሽክለት ነበር። ማሽኑ አውኚ መቼ እንደተማረ አልጠየቅሁም። እንቁ ገጥማ፣ የዘይት ማጣሪያውን ለውጣ፣ አዲስ ዘይት ሞላችበት።

በሙከራው ቀን አቶ ሉቃስ ክንዳቸውን አጣምረው ቆሙ። ግሬደሩ ወደፊት ሄደ፤ ቆመ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። እኔ አበቃለት አልኩ። ከዚያ ከወንበሩ ላይ ረዘም ያለ ፉጨት ተሰማ፤ ግሬደሩም ለስለስ ብሎ ወደኋላ መጣ።

“ምን እያደረገ ነው?” አሉ አቶ ሉቃስ።

“ውኃ እያጠጣው ነው” አለች እንቁ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ ወዲህ ግሬደሩ አንድ ቀን ተበላሽቶ አልቆመም። የዘንገና ገበሬዎች ፉጨቱን ሲሰሙ ከብታቸውን ከመንገድ ያወጣሉ። አቶ ሉቃስ ግን አሁንም እንደተጠራጠሩ ነበሩ፤ የብረት ነጋዴውን ስልክ አልጣሉም።

ጥር ላይ የፈረሰኞች በዓል ደረሰ። አድማሴ ሸጋውን አስጊጦ በሜዳው ሲጋልብ ሁላችንም ያንን አዟዟሩን ለማየት ተንጠራራን። መዞሪያው ጋ ሲደርስ ፈረሱን ቀጥ አድርጎ አቆመና አፏጨ። ሸጋው ምን ያድርግ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሣሩ ውስጥ ውኃ ይፈልግ ጀመር። ከኋላ የነበሩት ሁሉ አልፈዋቸው ሄዱ። ሰዉ በሳቅ ሞተ፤ ከሁሉም አብልጠው የሳቁት አቶ ሉቃስ ነበሩ።

“በቃ፣ ፈረሱን እንኳ ሳያቆም ማዞር ከተወ፣ ያን ግሬደር አልሸጠውም” አሏት እንቁን፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

አድማሴ ግን ሜዳው መሃል ቆሞ ነበር። ሸጋው ውኃ እንደሌለ ራሱ እስኪረዳ ድረስ ልጓሙን አልሳበውም።