በባዶ እግር የሚወጣ ማማ

ሐሙስ፣ መጋቢት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.። ጁባ ወደብ አጠገብ ባለው ምግብ ቤታችን ጓሮ፣ ሮቶውን የተሸከመው ማማ ላይ የተጀመረው ቀይ መቀነት ግማሹ ሳይቀባ ቀርቷል። ብሩሹ ቆርቆሮው ውስጥ እንደተነከረ ነው። ይቀባ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ገብረየስ ትናንት ማታ ተኝቶ ዛሬ ጠዋት አልነቃም። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል።

ገብረየስ በወጣትነቱ የንግድ መርከብ ላይ ሠርቷል፤ ጁባ የመጣው ከሰላም ስምምነቱ በኋላ፣ በ1998 ነው። ከባሕር ዘመኑ ሁሉ አንዲት ቀን ትበልጥበት ነበር። መርከባቸው ለጥገና ሲሲሊ ቆማ ሳለ፣ ከወደቡ ወጥቶ ድንጋያማውን የሜዲትራንያን ዳርቻ ተከትሎ ሄደ። ገደል አፋፍ ላይ ክብ፣ ነጭ፣ ጉልላት ያለው ሕንፃ አየ። ቤተ ክርስቲያን መሰለው። ደጃፉን ተሳልሞ ጫማውን አውልቆ ገባ። ውስጡ ግን ሥዕልም መጋረጃም የለ፤ ጠመዝማዛ ደረጃ ብቻ። ለካ ለመርከቦች የሚያበራ የጥንት ማማ ኖሯል። ሽማግሌው ጠባቂ ባዶ እግሩን አይተው ሳቁ፤ ከዚያ ምን እንዳሰቡ እንጃ፣ እሳቸውም ጫማቸውን አወለቁና አብረው ወጡ። የማማውን ስም ሦስት ጊዜ ጠይቄው ሦስት ዓይነት ስም ስለ ነገረኝ እዚህ አልጻፍኩትም።

ምግብ ቤት ውስጥ ይህን ታሪክ የሚያምነው አልነበረም፤ በተለይ የጭነት መኪና ሾፌሩ ተገኝ።

«ጋሽ ገብሬ፣ ባለፈው ሽማግሌው ጢም ነበራቸው። ዛሬ ተላጩ እንዴ?»

«ጢሙ ከነሥሩ አለ። አንተ ሽሮህን ብላ!»

የከነከነው ግን የቡሽራ ነገር ነው። ቡሽራ ከሰሜን፣ ከኮስቲ፣ በነጭ ዓባይ ላይ በባርጅ፣ በዚያ ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ፣ ዕቃ የሚያመጣ ካፒቴን ነው። «እኛ ሲጨልም ዳር ይዘን እናስራለን። ዓባይ ላይ መብራት ምን ሊረባ?» አለው። «አንተ ባበራኸው መብራት ወደብ የገባሁ ቀን፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ ማማህ ላይ እወጣለሁ።»

ለዚህች ቃል ሲል ወንድሜ የሮቶውን ማማ ነጭ ቀባው፤ ጫፉ ላይ ፓውዛ ሰቀለበት። ሰፈርተኛው የስልክ አንቴና መሰለው። ሻይ ሻጯ ዓቢዳ ሥሩ ቆማ ሞባይሏን ወደ ሰማይ ስታነሳ ስታወርድ ቆየችና፣ «ማፊ ኔትወርክ!» ብላ ጮኸችበት። ኔትወርክ የለም ማለቷ ነው። እሱም እንደ ጥፋተኛ ይቅርታ ጠየቃት።

እኔም «ወንድምጋሼ፣ ናፍጣው ለፍሪጁ ይሻል ነበር» ብዬዋለሁ።

«አንቺ የመዝገብ ቤት ሰው ነሽ፤ የሆነውን ትጽፊያለሽ። ገና ያልሆነውን ለእኔ ተይልኝ» አለኝ። በየምሽቱም ጄኔሬተሩ ሲነሳ ዓይኑ ወንዙ ላይ ነበር።

ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ ሆነ። ቡሽራ ሞተሩ አስቸግሮት ዘገየ፤ በጋ ስለሆነ ወንዙ ጎድሏል፣ ዳር እንዳይዝ አሸዋው አላስጠጋ አለው። ሲመሻሽ ወደቡ ጨለማ ነበር። ከርቀት የታየው የእኛ ፓውዛ ብቻ ነው፤ እሱን እያየ ገባ። በላብ እንደ ተጠመቀ መጥቶ፣ በመሃላችን አልፎ ወደ ጓሮ ሄደ። ጫማውን አወለቀና የብረት መሰላሉን ያዘ። ወንድሜም ነጠላ ጫማውን መሰላሉ ሥር ጥሎ ተከተለው።

ተገኝ ከሥር ሆኖ ጮኸ፤ «ጋሽ ገብሬ! ጢም አለው ወይ?»

«አለው!» አለ ወንድሜ ከላይ። «ከነሥሩ!»

እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ሲወርዱ ጨዋታው ሞቆ ስለነበር፣ ቡሽራ የወንድሜን ነጠላ ጫማ አጥልቆ ሄደ።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ገብረየስ «ያኛው ማማ ቀይ መቀነት ነበረው» ብሎ መቀባት ጀመረ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቁልቁል አየና መሰላሉ ሥር የቀረውን የቡሽራን ጫማ አስታወሰ። ባርጁ ከቀትር በፊት ሊነሳ ነው። ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሮ፣ «መጣሁ» አለኝና ጫማውን በማሰሪያው አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ወደ ወደቡ ወረደ። ቡሽራን ገመድ ሲፈታ አገኘው። ጫማውን ሰጠው፤ ነጠላ ጫማውን ተቀብሎ ተጫማና፣ የቀረውን መቀነት ለነገ ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።