ማኅተሙ የት እንዳለ ይታወቃል

ኤጀታ በዚህ ዓለም የሚፈራው ነገር ቢኖር ቅማል ነበር። የነጆ ሰው ነው፤ አሶሳ በጤና ረዳትነት ተቀጥሮ ወልዶ ከብዷል። በድርቁ ጊዜ ሰፋሪዎቹ ከወሎ በጭነት መኪና መጥተው ሲራገፉ ቅማል የሚያዛምተው ተስቦም አብሯቸው ወረደ። ኤጀታ በየሰፈራው እየዞረ ልብሳቸውን በበርሜል ይቀቅላል፣ የማይረባውን ያቃጥላል፣ ፀጉራቸውን ይላጫል። ሰው ሲሞት ደግሞ፣ «ልብሱን እንዳትነኩ! እንደ ለበሰ ቅበሩት!» ብሎ ይጮኻል። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ነበርኩ። ቁጡ ነበር፤ ግን እንደሱ የምንወደው ሰው አልነበረንም።

ከባምባሲ ማዶ በአንድ ሰፈራ ካሣዬ የሚባል ሊቀመንበር ነበር። የመንደሩን ማኅተም ለማንም አያምንም፤ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ይዞት ይተኛል። እሱንም ተስቦ ያዘው። ኤጀታ ሲያስታምመው ሰነበተ፤ አልዳነም። ሲሞት እንደ ልማዱ ጮኸባቸውና ካሣዬ ከነጋቢው ተቀበረ። ማኅተሙ ትዝ ያላቸው አፈሩን ከመለሱ በኋላ ነው።

ኤጀታ አሶሳ ተመልሶ የውሎ አበሉን ሊያወራርድ የሂሳብ ሹሙ አንለይ ፊት ቀረበ። አንለይ ሰው ቆሞ ሲለምነው ጥፍሩን በምላጭ የሚያስተካክል ሰው ነበር፤ እግዜር ይይለት።

«ወረቀቱ ላይ ያደርክበት መንደር ማኅተም የታለ?»

«ጓድ አንለይ፣ ሊቀመንበሩ ሞቷል። ማኅተሙም አብሮት ተቀብሯል። አዲሱ ገና ተቀርጾ አልመጣም።»

«መስክ ማደርህ ካልተረጋገጠ አበሉ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። ደመወዝ ደግሞ ግብር አለበት። በዚህ ወር ይቆረጣል።»

«አበሉ እኮ መንገድ ላይ አልቋል! ከደመወዜ ከቆረጥክ ሚስቴ ጠጂቱና ልጆቼ ምን ይበላሉ?»

«ማኅተሙ አልጠፋም» አለ አንለይ ቀና ሳይል። «የት እንዳለ ይታወቃል። ሂድና አምጣ።»

ቢሮው ውስጥ የነበርነው ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር። ኤጀታ ግን አልሳቀም።

እሑድ በእህል መኪና ተሳፍሮ ሄደ። የካሣዬ ሚስት የወርቅውሃ ደጃፍ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ ያወራ ጀመር፤ እሷም የመጣበትን እስኪናገር ጠበቀችው። በመጨረሻ ነገራት።

«ልጆች አሉህ?» አለችው።

«አሉኝ።»

«አብሽር ወንድምዓለም፤ ይቆፈር። ካሣዬ ማኅተም ለፈለገ ሰው ነገ ና ብሎ አያውቅም።»

ክረምት ስለነበር አፈሩ አላስቸገረም። ራሷ ቆማ አስቆፈረች። ኤጀታ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ቋጠሮውን ሲስበው ጋቢው በዝናብ በስብሶ ኖሮ እስከ አንገት ተተረተረና የካሣዬ ደረት ተገለጠ። የወርቅውሃ ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። የሚያለብሱት ጨርቅ በመንደሩ አልተገኘም፤ የነበራቸውን ቡትቶ ኤጀታ ራሱ አቃጥሎታል። ስለዚህ ካፖርቱን አወለቀና ሬሳውን ሸፈነበት፤ አፈሩንም በእጁ መለሰ። አዲሱ ሊቀመንበር ማኅተሙን አጥቦ ወረቀቱ ላይ መታለት።

ሰኞ ጠዋት ኤጀታ በሸሚዝ ብቻ፣ በዝናብ በስብሶ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ገባ። አንለይ ወረቀቱን በመሐረብ ይዞ አገላብጦ አየው። ሽታው እስከ እኔ ጠረጴዛ ደርሷል።

«ደግ» አለ። «ግብሩ ቀርቶልሃል።»

ኤጀታ እፎይ አለ። አንለይ ግን ከእግር እስከ ራሱ ያየው ጀመር።

«መሥሪያ ቤቱ የሰጠህ ካፖርትስ?»

ኤጀታ የሆነውን ነገረው። ሁሉንም፤ የሴትዮዋን ጩኸት ሳይቀር። አንለይ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማው፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣ። የካፖርቱ ዋጋ ሊቆረጥ ከነበረው ግብር እንደሚበልጥ ሁላችንም እናውቃለን።

«የመንግሥት ንብረት ነው፤ ዋጋው ከደመወዝህ ይቆረጣል» አለ። «ካልሆነም አልጠፋም፤ የት እንዳለ ይታወቃል። ሂድና አምጣ።»

በዚህኛው አልሳቅንም።