ጥፋቱ የሹፌሩ ነው ያልኩ ቀን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአቴን ዘርዝሬያለሁ፤ ይችን ግን ሁልጊዜ ዘልዬያት አልፋለሁ። እናንተ ስሙኝ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ሆኜ ኖሬያለሁ። ሰዉ "ኡስታ"፣ የሙያው ጌታ ይለኛል፤ ስሙን እወደዋለሁ፣ እሱው ነው ጉድ ያደረገኝ። ረሃቡ በጠናበት ዓመት ኢድሪስ የሚባል የመተማ ልጅ በአንድ ሐጂ የጭነት መኪና ለተፈናቃዮች ማሽላ ያመላልስ ነበር። መኪናዋ አዲስ ናት። ጠዋት ወዲያው ትነሳለች፤ በትኩሱ ካጠፏት ግን አንገራግራ እምቢ ትላለች። ማሽላው መንገድ ላይ ይቀራል፣ እዚያ ማዶ የራበው ሰው ይጠብቃል።

እኔም እንደ ልማዴ ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሬ የጋለው የነዳጅ ፓምፕ እንዲቀዘቅዝ አለበስኩት። በድሮዎቹ መኪኖች ስንቱን አስነስቼበታለሁ። ይችኛዋ ወይ ፍንክች። ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ምንም አላገኘሁም። ታዲያ "አላውቅም" ብል ምን እሆን ነበር? ሐጂው ሲጠይቀኝ፣ ሹፌሮቹ ሁሉ ፉል ከበው ሳሉ፣ "መኪናዋ ደህና ናት፤ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፤ ነዳጅ እየረገጠ ያፍናታል" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ኢድሪስ ቀና ብሎ አየኝ። "ኡስታ፣ ወላሂ አልረገጥኩም" አለ።

ኡስታ ከተናገረ በኋላ ሹፌርን ማን ይሰማል? በማግሥቱ ተባረረ። ልጆቹ በዚያች መኪና ገቢ እንደሚያድሩ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር።

ከወር በኋላ አንዲት ባለሙያ ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ገመዷን መኪናዋ ላይ ሰክታ አነበበች። ለካ ሞተሩ ሲግል የመኪናዋ ኮምፒውተር ለማስነሻ የሚሰጠው ነዳጅ ያንሳል። ልኩን አስተካከለችው፤ መኪናዋ በትኩሱ ተነሳች። ሁሉም "ማሻአላህ" አለ። እኔም አልኩ። የኢድሪስን ስም ግን አላነሳሁም። ከውሸቱ ይልቅ ይህ ዝምታ ነው የሚበላኝ። ያላወቀስ ይማራል፤ አውቆ ዝም ያለው ምን ይባላል?

ሁለት ዓመት ዋጥኩት። ባለፈው ሳምንት አልቻልኩም፤ ሄጄ ለሐጂው ሁሉንም ነገርኩት። "ሰውየውን መልሰው፤ ሥራው የራሱ ነው" አለኝ። ኢድሪስ ኒው ሀልፋ አገዳ ሲያራግፍ አገኘሁት፤ በስልክ ማለቴ ነው። እውነቱንም፣ ሥራው እንደሚጠብቀውም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ስድቡን ጠበቅኩ።

"መኪናዋ አሁን ትነሳለች?" አለኝ።

"ትነሳለች።"

"ማሽላው ለሰዎቹ ይደርሳል?"

"ይደርሳል።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ።

ቅዳሜ ይመጣል። ይቅርታ ግን ገና አልጠየቅኩትም። ይቅርታ በስልክ የሚጠየቅ አይደለም።