የመምህር አስናቀ የቅዳሜ ችሎት

የመምህር አስናቀን ማረፍ በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ሜሮን ናት። «ጽጌ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ። ትንሽ አለቀሰችና ደግሞ፣ «ቅዳሜን ካንስል እንዳታደርጉት ብሏል፤ ሩሙን ራሱ ሪዘርቭ አድርጎታል» ስትል ጨመረች። ሐኪም ቤት ተኝተው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ የሚያሳስባቸው የቅዳሜው ክርክር ነበር። በእንባዬ መሀል ሳቄ መጣ። ለማያውቋቸው፣ መምህር አስናቀ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

ደሴ ሳለሁ የታሪክ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ አሁን አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ደንዉዲ በምትባል ከተማ ፋርማሲስት ነኝ። እሳቸውን በልጅነታቸው ያስተማሯቸው ብዙዎቹ መምህራን ሕንዶች ነበሩ። የሒሳብ መምህራቸው ከትምህርት ሰዓት በኋላ የአገሩን ጥንታዊ መዝሙሮች በቃሉ ያሰማቸው እንደነበር ደጋግመው አጫውተውናል። ትርጉሙ ሳይገባቸው ዜማውን ወደዱት። አድገውም በነጻ የትምህርት ዕድል ሕንድ ሄዱ፤ ታሪክ አጠኑ፣ የመዝሙሮቹን ጥንታዊ ቋንቋ ሳንስክሪትንም ተማሩ፤ ተመልሰውም ደሴ እኛን አስተማሩ። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ እዚሁ አቅራቢያ፣ ኬኔሶ አጠገብ ባለ አንድ ኮሌጅ የጥንት ታሪክ አስተምረው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ወጡ ስል ግን አርፈው ተቀመጡ ማለቴ አይደለም።

የሚኖሩበት አፓርትመንት ክለብ ሃውስ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሰው መሰብሰብ ጀመሩ። ዮጋ የሚሠሩ፣ በየሃይማኖቱ ዞረው ያልረኩ፣ ሕንድ ከርመው አዲስ ስም ይዘው የተመለሱ አሜሪካውያን መጡ። ሕንዶችም መጡ። መከራከሪያቸው አንድ ነበር፤ ለሂንዱ እምነት ሥር የሆኑትን እነዚያን መዝሙሮች የደረሱት ሰዎች የዚያው ምድር ተወላጆች ናቸው ወይስ በፈረስ ከሰሜን የመጡ? ስሰማው ደረቅ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን ጩኸቱ ከመድመቁ የተነሳ በዋና ገንዳው ውስጥ የነበሩ ጎረቤቶች ፎጣቸውን እንዳገለደሙ በመስኮት ሊያዩን መጡ።

መምህር አስናቀ ጩኸቱን አልጠሉትም፤ መልክ አስያዙት እንጂ። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ብለው እንዴት ይሟገቱ እንደነበር አስረዷቸው፤ ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ በማር ይወራረዳል፤ ነገሩን ሲጨርስ ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ይለዋል። ነጠላው የሜሮን ነበር፣ ዘንጉ የክለብ ሃውሱ የመጥረጊያ እንጨት። እሳቸው ዳኛ ሆኑ። ከራሳቸውም አንድ ደንብ ጨመሩበት። ማንም የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ፣ ባላጋራው ራሱ «አዎ፣ እንደሱ ነው» እስኪል ድረስ ማስረዳት አለበት። ያቃተው ማር ያመጣል። «ያላወቃችሁትን ሐሳብ አልተቃወማችሁትም፤ ጮኻችሁበት ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

አቤት ደስ ሲል! የአትላንታ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ኳስ ሲያይ እኛ ነጠላ ያጣፉ ፈረንጆች ስለ ጥንት ፈረሶች ሲሟገቱ እናይ ነበር። አንዳንዴ ደፋር ተገኝቶ ወደ መምህር አስናቀ ዞሮ «ተጠየቅ!» ይላቸዋል፤ የእሳቸውን ሐሳብ ለማወቅ ያልጓጓ አልነበረማ። እሳቸው ግን ሳቅ ብለው «ዳኛ አይጠየቅም» ይላሉ፤ በዚያው ያልፋል።

ዋናዎቹ ተሟጋቾች ሁለት ነበሩ። አንዷ ሮዝዌል በምትባል ጎረቤት ከተማ ዮጋ የምታስተምረው ሊንዳ ናት፤ ሕንድ ደርሳ ስትመለስ ስሟን ሻንቲ አለች። ሁለተኛው ሕንድ የተወለደው የልብ ሐኪም፣ ዶክተር ሱሬሽ ነው። ማን ምን እንደሚል ብትገምቱ ትስታላችሁ። ጥበቡ ከዚያው ምድር በቀለ፣ መዝሙሮቹ የሚያወድሱት የዚያኑ አገር ወንዞች ነው፣ ሌላ አገርም አያነሱም የምትለው ሻንቲ ነበረች። ሱሬሽ ደግሞ ሳንስክሪት ከግሪክና ከላቲን ጋር ዘመድ መሆኑን፣ ፈረስና ሠረገላውን፣ ከጥንት አጥንቶች የተገኘውን የዘር ምርመራ እየጠቀሰ መዝሙሮቹን የደረሱት ከሰሜን የመጡ ሰዎች ናቸው ይላል። አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቱ አለቀና፣ «የአያቶቼን ታሪክ ዮጋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠሽ ልታስተምሪኝ ነው?» አላት። መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ እያለቀሰች ወጣች። ግማሹ ሰውም ተከትሏት ወጥቶ በዚያው ቀረ። ጉባኤው ያበቃለት መሰለኝ።

መምህር አስናቀ ግን ሮዝዌል ውሰጂኝ አሉኝ። እንደ ልማዳቸው ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ሻንቲ ክፍል ገቡ። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ እጅ አንሡ ሲባል አነሡ፣ ጎንበስ በሉ ሲባል የቻሉትን ያህል ጎንበስ አሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳቄን አፈንኩ። ትምህርቱ ሲያልቅ ሻንቲ አፍራ መጣች።

«ሻንቲ፣ የመጣሁት ላባብልሽ አይደለም» አሏት። «ሱሬሽ ባላጋራ አጥቶ ተቀምጧል። ያንቺን ያህል የሚያስጨንቀው ሰው አላገኘንለትም።»

ሳቀች። ከእኛ መካከል ያን ስሟን የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኛ ሁላችን ሊንዳ ነበር የምንላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። ሱሬሽም ተነሥቶ ወንበር ሳበላትና «ሻንቲ፣ እንኳን ተመለስሽ» አላት።

ያን ዕለት ከሮዝዌል ስንመለስ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው አልሄድ ሲል፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት ብዬ ወጥሬ ያዝኳቸው።

«ከነገርኳችሁ ማሰብ ታቆማላችሁ» አሉኝ። «ሁለቱ ያለ እኔ ዳኝነት በደንቡ የተሟገቱ ዕለት እናገራለሁ። ቃሌ ነው።»

ይህን ለሁሉም ነገርኳቸው። ሁላችንም ያን ቀን እንጠብቅ ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ ባለው ቅዳሜ ሜሮን ክለብ ሃውሱን ከፈተችልን። ለማልቀስ ነበር የመጣነው። ሻንቲ ግን ተነሣች፤ ነጠላውን አጣፋች፣ መጥረጊያውን ያዘች፤ የሱሬሽን ሐሳብ፣ ቋንቋውን፣ ፈረሱን፣ አጥንቱን፣ አንድም ሳታስቀር አስረዳች። ሱሬሽ ዓይኑን እየጠረገ «አዎ፣ እንደሱ ነው» አለ። ከዚያ እሱ ተነሣና ስለ ወንዞቹ ከሚናገሩት መዝሙሮች አንዱን በዜማው አሰማን፤ የእሷን ሐሳብ እሷ እንኳ እንደዚያ ብላው አታውቅም። «አዎ» አለች። ከዚያ በኋላማ የየራሳቸውን ይዘው ተፋጠጡ፤ ቤቱ ተናወጠ፤ እኛም ልቅሶአችንን ረስተን እንጮህ ነበር። የተሳደበ የለም፣ ጥሎ የወጣም የለም፣ ማርም ያመጣ አልነበረም። እኔ በልማድ ዞር ዞር ብዬ የእርስዎን ፊት ፈለግሁ።

ጋሽ አስናቀ፣ መምህሬ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ያስተማሩንን ይዘናል፤ በሚመጣው ቅዳሜም እንሰበሰባለን። እንዳሉት ሁለቱ ያለ እርስዎ በደንቡ ተሟገቱ። ቃል የገቡልን ቀን ደረሰ፤ እርስዎ ግን የሉም፤ ይኼ እጅግ አንገበገበኝ። ዳኛ አይጠየቅም ይሉን ነበር። በዚያ ቅዳሜ ግን ዳኛ አልነበሩም፤ ችሎቱ ያለ እርስዎ ዋለ።

ስለዚህ፣ ጋሽ አስናቀ፣ ይጠየቁ።